ጥላው ከድንጋዩ አያልፍም

ያንን ድንጋይ ሃያ ሁለት ዓመት ስሰድበው ኖሬያለሁ። ውሃ ተሸክሜ በገባሁ ቁጥር አውራ ጣቴን ሳይመታኝ አልፎ አያውቅም። ግቢያችን መካከል፣ ከቤቱ ደጃፍ ዐሥራ ሁለት ጫማ ራቅ ብሎ ተጎልቷል፤ ጥቁር፣ ጠፍጣፋ፣ ለጉልቻ እንኳ የማይሆን። እኔ ደግሞ ስናደድ አማርኛው አይበቃኝም፤ በእናቴ ቋንቋ በኽምጣንጋ ነው የማወርድበት። ባለቤቴ መሪጌታ ገብረ አማኑኤል ይሰሙና፣ «ባንቺ፣ እባክሽ ተይው፤ የየኔታ ድንጋይ ነው» ይሉኛል። ለምን እንደተተከለ አንድ ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም። ድንጋይ ድንጋይ ነው ብዬ ነዋ!

ቤታችን ሰቆጣ ከተማ ዳር ነው፤ ከኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን በስተ ሰሜን፣ አጥር ለአጥር። በቅጥሩ ውስጥ ልክ ከደጃፋችን ትይዩ አንድ ትልቅ ጥድ አለ። መሪጌታ ልጅ ሳሉ ጫፉን መብረቅ መትቶት ከዚያ ወዲህ ወደ ላይ አልጨመረም። ዜማ የተማሩት ከዚያ ዛፍ ሥር ነው፤ ዛሬም የሚያስተምሩት እዚያው ነው። ሰዓት አያስሩም። ልጃችን የላከችላቸው ሰዓት ከሳጥን ወጥቶ አያውቅም። በጾም ቅዳሴ መግቢያው መድረሱን የሚያውቁት በጥላቸው ነው። ሜዳው ላይ ቀጥ ብለው ይቆሙና የጥላቸው ራስ የወደቀበትን አስተውለው፣ ተረከዝ ከጣት እያገጣጠሙ ጫማ ይቆጥራሉ። ዘጠኝ ሰዓት በሰኔ ሰባት ጫማ ነው፤ በታኅሣሥ ዐሥራ አንድ። የየወሩን ሁሉ በቃላቸው ያውቁታል። እኔ ታዲያ፣ «ሰው ጨረቃ ላይ ወጥቶ በተመለሰበት ዘመን የኔ ባል እግራቸውን ይቆጥራሉ!» እያልሁ ስስቅባቸው ነው የኖርሁት። እሳቸው አይቆጡም። የቁጣውን ድርሻ ለኔ ትተውልኛል።

አንዲት ልጅ ነው ያለችን፤ ወለተ ሐና። ቤሩት ከሄደች ስድስት ዓመት ሆኗት ነበር። እጇ ለጥልፍ የተፈጠረ ነው። የሰው ቤት ስታጥብ ስትጠርግ ሰንብታ፣ በእረፍት ቀኗ በስፌት መኪና መጥለፍ ተማረች። የካህናት ልብስ፣ ካባ፣ መጋረጃ ጠልፋ የላከችውን ያዩ የጎረቤት ወረዳው የደሃና ቄሶች ሁሉ ይህች ልጅ መቼ ነው የምትመጣው እያሉ መግቢያ መውጫ አሳጡኝ። ግን መኪናው የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ በኛ ሰፈር መብራት የሚመጣው ማታ ማታ ብቻ ነበር። ጥልፍ የቀን ሥራ ነው፤ የወርቀ ዘቦን ክር በአምፖል ብርሃን የሚለይ ዓይን የለም።

ስለዚህ ሐናዬ ቆጥባ መኪናውን ላከች፤ ለሁለት ሶላርና ለአንድ ባትሪ የሚሆን ብርም ላከች። ዋሴ የሚባል ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ከአዲስ አበባ ገዝቶ አመጣልን። በሐምሌ መጨረሻ ቴሌ ተጠርቼ ሄድሁ።

«እማዬ፣» አለችኝ፣ «እመቤቴ ለሦስት ዓመት ፈርሚ እያለችኝ ነው። እስከ ጳጉሜን መልስ ስጪኝ ብላለች። እዚያ መጥቼ ቀን ቀን መሥራት ከቻልሁ አልፈርምም። ካልሆነ ግን እጄን አጣጥፌ እናንተ ላይ አልቀመጥም። እፈርማለሁ።»

ሦስት ዓመት! መሪጌታ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። በየሌሊቱ ሲያስሉ እሰማለሁ። ልጄ አባቷን በሕይወት የማታገኝ መሰለኝና ቴሌው ደጃፍ ላይ ተቀምጬ፣ ሰው አየኝ አላየኝ ሳልል አለቀስሁ። ከዚያ እንባዬን ጠርጌ ተነሣሁ። በል እንግዲህ ዋሴ፣ ግጠመው!

ዋሴ ግን እጁን ሰበሰበ። «እትዬ ባንቺ፣ ቤትዎ ውስጥ ያለው ገመድ ከቆጣሪው ጋር የተያያዘ ነው። ሁለቱ እንዳይገናኙ መቀያየሪያ እገጥማለሁ። የመብራት መሥሪያ ቤቱ ሰው አይቶ ካልፈረመ ግን ሶላሩን ከቤቱ ገመድ ጋር አላገናኝም።»

መሥሪያ ቤቱ አራት ጊዜ ተመላለስሁ። ፎርም ሞላሁ፣ ፎቶ አመጣሁ፣ የቀበሌ ደብዳቤ አጻፍሁ። እኔ ባንቺ፣ በሰፈሩ ማንም በክፉ የማይናገረኝ፣ ወንበር ላይ እጄን ጭኔ ውስጥ ከትቼ «እርስዎ እንዳሉ፣ እርስዎ እንዳዘዙ» ስል ዋልሁ። በመጨረሻ የፍልሰታ ጾም በገባ በዘጠነኛው ቀን ጧት፣ ምስጋናው የሚባለው ወጣት ተቆጣጣሪ መጣ። የመሥሪያ ቤቱ መኪና ደጅ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ ከኛ ቀጥሎ አምደወርቅ ነው የሚሄደው።

ጥሩ ልጅ ነው፤ ያን ቀን ግን እንዲህ አላልሁም። መቀያየሪያውን አየ፤ ጥሩ አለ። መሬት የገባውን ሽቦ አየ፤ ጥሩ አለ። ዋሴ ጣሪያው ላይ ያሰረውን የሶላሩን ማቀፊያ አይቶ ጥሩ ሊል ሲል ፊቱን ወደ ደቡብ መለሰና ጥዱን አየው። ብዕሩ ቆመ።

«እናቴ፣ ይህ ዛፍ ይቆረጣል?»

«በስመ አብ! ቱ! ቱ! የቤተ ክርስቲያን ጥድ ነው የሚቆረጠው?»

«ሶላሩስ ሌላ ቦታ አይሆንም?»

«ከቤቱ ጀርባ ገደል ነው። የት ልስቀለው?»

«እንግዲያስ አልፈርምም። ከጧቱ ሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ዓመቱን ሙሉ ጥላ የማያርፍበት መሆን አለበት ይላል ደንቡ። አሁን ፀሐይ አናታችን ላይ ስለሆነች ችግሩ አይታይም። በታኅሣሥ ግን ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ የዛፉ ጥላ ወደዚህ ይመጣል። ታኅሣሥ ላይ ተመልሼ በዓይኔ አይቼ እፈርማለሁ።»

ታኅሣሥ! እርስዎ ማለቱንም ረሳሁት። «አንተ፣ እናት የለህም? ልጄ በጳጉሜን ባሕር ማዶ ልትፈርም ነው እኮ! ትንሽ ጥላ ቢያርፍበት ምን ይሆናል? ጥላው የሚያርፈው በኔ ጣሪያ ላይ፣ አንተን ምን ቆረጠህ?»

አልተቆጣም፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እናቴ፣ ጥላ ያለበት ሶላር ባትሪውን ይገድላል። ባትሪው ሲሞት ሰው መቀያየሪያውን አልፎ ሶላሩን ከቆጣሪው መስመር ጋር ይቀጥላል። በማግሥቱ መስመር ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣው ልጅ ይሞታል። ሌላ አገር ሳለሁ ጓደኛዬን እንዲህ ቀብሬያለሁ።»

እውነቱን ነው። እውነቱን መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

በዚህ መካከል መሪጌታ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከቤተ ክርስቲያን መጡ። ምስጋናው እጅ ነሥቶ ነገሩን አስረዳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ፈገግ አሉ።

«ልጄ፣ የታኅሣሥ ጥላ የት እንደሚደርስ ማወቅ ነው የቸገረህ? እሱማ ተተክሎበታል። የኔታ አሥራተ ማርያም፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እኔ ተማሪ ሳለሁ ነው ድንጋይ ያስቀመጡበት። ጾመ ነቢያት ከተጋመሰ በኋላ፣ እኩለ ቀን ላይ የጥዱ ጫፍ ከዚያ ድንጋይ ላይ ያርፋል። ከዚያ ወዲያ አንዲት ጣት አያልፍም፤ ይመለሳል። ከድንጋዩ እስከ ቤቱ ገና ዐሥራ ሁለት ጫማ ይቀራል።»

«እውነት? እንግዲያስ ያሳዩኝ፤ የት ነው ድንጋዩ?»

ወይ ጉዴ!

ድንጋዩ የለማ! በሰኔ፣ ዝናብ በጣለ በማግሥቱ፣ ሙሉ እንስራ ተሸክሜ ስገባ አነቀፈኝ። እንስራዬ ተሰበረ፣ ጉልበቴ ተላጠ፣ ውሃው እላዬ ላይ ፈሰሰ። ያን ቀን የሃያ ሁለት ዓመቱ ተጠራቀመብኝ። ዶማ አንሥቼ ነቀልሁት። እያንከባለልሁ ወስጄ የፍየሎቹ በረት ደፍ አደረግሁት፤ ፍየሎቹ ሲወጡም ሲገቡም እንዲረግጡት። መሪጌታ ማታ መጥተው ባዶውን ቦታ አዩት፤ እኔን አዩኝ፤ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ገብተው እራታቸውን በሉ። እኔ ደግሞ አሸነፍሁ ብዬ ደስ ብሎኝ አደርሁ።

«እኔ ነኝ የነቀልሁት፣» አልሁ።

ምስጋናው ደብተሩን አጠፈ። «እናቴ፣ እንግዲህ ድንጋዩ ከቦታው ከተነሣ ምን ይመሰክራል?»

እንዲህ ያለ ሐፍረት በዕድሜዬ አላየሁም። በገዛ እጄ፣ ለአንድ እንስራ ብዬ፣ የልጄን ሦስት ዓመት ነቅዬ ለፍየል ደፍ አድርጌዋለሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። መሪጌታን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

እሳቸው ግን ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አደላደሉ። «ድንጋዩ ቢነሣ ፀሐይዋ አልተነሣች። ልጄ፣ ግማሽ ሰዓት ታገሠኝ። አንተም በመሣሪያህ ለካ፤ እኔም በእግሬ እለካለሁ።»

ምስጋናው ወደ መኪናው አየ፤ ወደ ሽማግሌው አየ። «ግማሽ ሰዓት ብቻ፣» አለ።

«ቁመቴ ሰባት ጫማ ነው፣» አሉ መሪጌታ፣ ሜዳው ላይ ቀጥ ብለው እየቆሙ። «ጥላዬ ሰባት ጫማ የሆነ ጊዜ፣ ያን ጊዜ የጥዱም ጥላ ቁመቱን ያህላል። ባንቺ፣ አንቺ ችካል ይዘሽ ከጥዱ ጥላ ጫፍ ላይ ቁሚ። አሁን ስልሽ ትከይ።»

ሮጬ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ገባሁ። የጥዱ ጥላ ወደ ምዕራብ፣ ወደ መቃብሩ ተኝቷል። ችካሌን ይዤ ጫፉን ስከተል ምን ይሁን? ፀሐይዋ ገባች! አንድ ጥቁር ደመና ከየት መጣ ሳይባል ተጎተተባት። ጥላም የለ፣ ጫፍም የለ። ቆምን። አምስት ደቂቃ፣ ዐሥር ደቂቃ። ሾፌሩ ጡሩምባ ነፋ። ምስጋናው ሰዓቱን አየ። መሪጌታ ከቆሙበት አልተነቃነቁም።

እኔ ግን ሰው ነኝ፤ አልቻልሁም። ወደ ሰማይ አንጋጥጬ በኽምጣንጋ ለቀቅሁት። ለድንጋዩ ሃያ ሁለት ዓመት ያጠራቀምሁትን ስድብ ሁሉ ለዚያ ደመና አወረድሁለት። «ባንቺ፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር!» ሲሉ ሰማሁ መሪጌታ። «እመቤቴ ታውቀኛለች!» አልሁ እኔም። እንደ ስድቡ ሳይሆን እንደ ምሕረቷ፣ ደመናው ፈቀቅ አለ፤ ፀሐይዋ ጥርት ብላ ወጣች።

መሪጌታ ጫማ ቆጠሩ። «ሰባት ተኩል።» ተመልሰው ቆሙ። እንደገና ቆጠሩ። «ሰባት ከጥቂት።» ሾፌሩ ደግሞ ነፋ። «ጠብቅ በሉት!» ብዬ ጮህሁ። መሪጌታ ለሦስተኛ ጊዜ ቆጠሩና ቀና ሳይሉ እጃቸውን አነሡ።

«አሁን!»

ችካሌን ባለ በሌለ ጉልበቴ መሬት ውስጥ ሰካሁት።

ምስጋናው ሜትሩን ከግንዱ እስከ ችካሉ ዘረጋ፤ ዐሥራ አራት ሜትር። መሪጌታ በእግራቸው ቆጠሩ፤ ሃምሳ ስምንት ጫማ። «እንግዲህ፣» አሉ፣ «በታኅሣሥ እኩለ ቀን የኔ የሰባት ጫማው ሰው ጥላዬ አምስት ነው። አርባ ዓመት ቆጥሬዋለሁ፤ ሁሌም አምስት ነው። ጥዱም በዚያው ልክ ነው። ሃምሳ ስምንቱ አርባ ሁለት ይሆናል።»

ምስጋናው ከቦርሳው አንዲት መጽሐፍና ሒሳብ ማሽን አወጣ። ዲግሪ ፈለገ፣ ቁጥር ነካካ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። «ዐሥር ሜትር ከዐሥራ ሰባት፣» አለ ለራሱ። ከዚያ ግንባሩን ቋጠረ። «መሪጌታ፣ ይህ የእኩለ ቀኑ ነው። ጧትና ከሰዓት ግን ጥላው ይረዝማል እኮ።»

«ይረዝማል። ግን ጧት ወደ መቃብሩ ይተኛል፣ ከሰዓት በምሥራቅ ወዳለው ምንጭ ይተኛል። በዚህ በኩል ቤታችንን የሚያየው እኩለ ቀን ላይ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ አጭር ነው።»

ምስጋናው በወረቀቱ ላይ መስመር አሰመረ፤ አንዱን ወደ ግራ፣ አንዱን ወደ ቀኝ። ቆይቶ ራሱን ነቀነቀ። «ልክ ነው፣» አለ ቀስ ብሎ። «ልክ ነው እኮ!»

ሁለቱም ከግንዱ ተነሥተው ወደ ግቢያችን መጡ። መሪጌታ ተረከዝ ከጣት እያገጣጠሙ፣ ቅጥሩ ከጉልበት ከፍ የማይል ካብ ስለሆነ የያዙትን ቁጥር ሳይለቁ ተሻግረው፣ አርባ፣ አርባ አንድ፣ አርባ ሁለት ብለው ቆሙ። ምስጋናው ሜትሩን በካቡ ላይ ዘርግቶ ወጥሮ ያዘና ጣቱን መሬት ላይ አሳረፈ። በእሳቸው አውራ ጣትና በእሱ ጣት መካከል ያለው ስንዝር አይሞላም።

የክረምቱ ሣር ቦታውን ሸፍኖታል። እኔ ግን ተንበረከክሁ። ሣሩን በሁለት እጄ እየነጨሁ ጣልሁት። ከሥሩ፣ ልክ ከሁለቱ መካከል፣ ጎድጓዳ ቦታ ታየ፤ ጠፍጣፋ፣ ዳርና ዳሩ በደንብ የተቆረጠ። እኔ በሰኔ በዶማ የፈነቀልሁት ጉድጓድ!

ማንም እርዱኝ አላልሁም። ወደ በረቱ ደፍ ሄድሁ፤ ፍየሎቹን ገፍቼ ያንን ጥቁር ድንጋይ ነቀልሁትና ሆዴ ላይ አቅፌ መጣሁ። ከጧት ጀምሮ አብሮን የነበረው ዋሴ ሊቀበለኝ ሲሮጥ፣ «ዞር በል! የነቀልሁት እኔ፣ የምመልሰውም እኔ!» አልሁት። ጉድጓዱ ላይ አስቀመጥሁት። ግጥም አለ፤ እንደ ማሰሮ ክዳን።

ምስጋናው ድንጋዩን አየ፤ ከዚያ ሜትሩን ይዞ እስከ ቤቱ ያለውን ለካ፤ ሦስት ሜትር ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። መሪጌታን ቀና ብሎ ሲያያቸው እንደ ተማሪ ነበር። «አባቴ፣ እኔ ይህን ለመማር ኮሌጅ ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል፣» አላቸው። «እኔ ሰባት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ አንተ ትፈጥናለህ፣» አሉት። ምስጋናው በመኪናው ኮፈን ላይ ወረቀቱን ዘርግቶ፣ ጥላ ከሚለው አንጻር «የለም» ብሎ ጻፈ። ፈረመ። ማኅተሙን አሳረፈ። እኔ እልልታዬን ለቀቅሁት፤ ሾፌሩ ሳይቀር ከመኪናው ወርዶ አጨበጨበ። ምስጋናውን ጉንጩን ስሜ፣ «ቅድም የተናገርሁህን ርሳው፤ እግዜር ይስጥህ፣ ልጄ» አልሁት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

በማግሥቱ ቴሌ ሄጄ ደወልሁ። ሰላምታም አላስጨረስኋት። «ሐናዬ፣ እንዳትፈርሚ! እዚህ ተፈርሟል!» ብዬ ስጮህ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ወዲያ ማዶ ስታለቅስ ሰማኋት፤ ይህን ልቅሶ ግን እኔም አብሬያት አለቀስሁት።

ማታ መሪጌታን ጠየቅኋቸው። «ድንጋዩን የነቀልሁ ዕለት ለምን አልተቆጡኝም?»

«ጣትሽ ሲደማ አይቼ ነበር፣» አሉኝ። «አንድ ቀን ራስሽ ትመልሽዋለሽ ብዬ ነው።»

ወለተ ሐና በኅዳር ገባች። ሻንጣዋን እየጎተተች፣ ዓይኗን ከአባቷ ላይ ሳትነቅል ስትመጣ ድንጋዩ አውራ ጣቷን መታት። ከአፏ የወጣው ያው የኔ የኽምጣንጋ ስድብ ነው፤ አንድ ቃል ሳይጎድል! ሮጬ አፏን በመዳፌ ያዝሁ። «እሱን አትስደቢ! እሱ ነው ያመጣሽ!» አልኋት። ምንም ሳይገባት አቀፈችኝ። አባቷ ትከሻዋ ላይ ተደፍተው ብዙ ቆዩ።

በታኅሣሥ፣ ገብርኤል በዋለ በሦስተኛው ቀን፣ ምስጋናው በዓይኔ ልየው ብሎ ከሥራው መካከል መጣ። ሦስታችን እኩለ ቀን ላይ ድንጋዩን ከበን ቆምን። የጥዱ የደረቀ ጫፍ ጥላ በካቡ ላይ ተሻግሮ፣ ሣሩን እየዳበሰ መጣ። ድንጋዩ ላይ ወጣ፤ እዚያው ትንሽ ቆየና ወደ ምንጩ በኩል ዞረ። «ሐና! ነይ እይ!» ብዬ ተጣራሁ።

«እማዬ፣ ይህን ክር ሳልጨርስ አልነሣም!» አለች ከውስጥ። የጥልፍ መኪናዋ እንደ ንብ እየጮኸች ነው፤ የአምደወርቅ ካህናት ካባ ለጥምቀት መድረስ አለበት።

ድንጋዩ ዛሬም እዚያው ነው። ዛሬም ውሃ ይዤ ስገባ አውራ ጣቴን ይመታኛል። ስድቡ እስከ ጉሮሮዬ ይመጣል፤ የመኪናዋን ድምፅ ስሰማ እውጠዋለሁ።